ለመርዶ ነጋሪው ማን ይነግራል

የልጅ ልጄ ሚካል ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ ስፖርት ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበትሽ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ሲለኝ፣ እስከ ገበያ በእግሬ ሄጄ ከነዘንቢሌ መመለሴ እንቅስቃሴ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እሱ አይቆጠርም። ሚካል የምትሄድበት ስፖርት ቤት ማክሰኞ ጧት ጧት እንደኔ ላለ ሰውም ትምህርት አለው አሉ። ከሰፈራችን ከክፋር ግቢሮል አውቶቡስ ይዘን ወደ ቂርያት ቫይዝማን ስንሄድ የት እንደምንወርድ እንኳ አልጠየቅሁም። ወረድን፤ መስተዋት የለበሱትን ረጃጅም ሕንፃዎች አልፈን ከኋላቸው ወዳለችው ዝቅተኛ ሕንፃ ገባን። በሩን እንዳለፍሁ እግሬ ቆመ። ወለሉን አወቅሁት። ግራጫ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የፈሰሰበት፣ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ንጣፍ የተሰነጠቀ። ሰው ፊት ይረሳል፤ አሥራ አንድ ዓመት በእጁ የወለወለውን ወለል ግን አይረሳም።

ሚካል አሞኝ መስሏት «ሳቭታ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። ይህ ቤት ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር ብላት ሳቀች። «ማ ፒትኦም!» አለች፤ በኛ አነጋገር «ከየት አምጥተሽ» እንደ ማለት ነው። አልፈረድሁባትም። ግድግዳው ዙሪያውን መስተዋት ሆኗል። አንዲት ቀጭን ልጅ ፊት ለፊት ቆማ በዕብራይስጥ እየቆጠረች አሥራ አምስት አሮጊት ታዘልላለች፤ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል። እኔም ከኋላ ቆሜ እጄን ወደ ላይ ወደ ታች አልሁ። ዓይኔ ግን ከወለሉ አልነሣ አለኝ። ሚካል የውሃ ጠርሙሷን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ፓስተር ጌትነት ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያውን ወንበር ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ይደረድራል።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ፋላፌል በአምስት ሼቄል ከነሰላጣው የሚበላበት፣ ሄርጽል መንገድ ላይ ሰው ካርዱን ይዞ ለሕዝብ ስልክ የሚሰለፍበት፣ ፔሌፎን የሚሉትን የኪስ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው ሲያልፍ ዞር ብለን የምናይበት ዘመን ነው። ወጣቱ ሁሉ ሁለት ሰው የሚይዝ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ረጅም ቀሚስ ለብሰን ከሥሩ የስፖርት ጫማ እናደርጋለን፣ ለሥራ ስለሚመች። ከአውቶቡሱ ጣቢያ አጠገብ በርበሬም፣ ጤፍም፣ የአማርኛ ካሴትም የሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ቀኑን ሙሉ ካሴት እያጫወተ ስለሚውል ገዝቼ የማላውቀውን ዘፈን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። አንድ ቀን ቆሜ ስመለከት ሻጩ ምን ልስጥሽ አለኝ፤ ካሴት ብለው ምን እንደሚል ባየሁት ደግ ነበር።

እኔ ያኔ የኒካዮን ሠራተኛ ነበርሁ፣ ጽዳት ማለት ነው። የዚህች ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ወጣቶች ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠው የሚውሉበት ቢሮ ነበር፤ ምድር ቤቱ ደግሞ ይህ አዳራሽ። ባለሕንፃው አዳራሹን በሥራ ቀን ለስብሰባ ያከራያል፤ ቅዳሜ ደግሞ እንግዶች አሉ ይባል ነበር። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። እኔ ዓርብ በቀትር ወጥቼ ሰንበት ሳይገባ ቤቴ ለመድረስ ስጣደፍ እነሱን የት አይቼ። እሑድ ጧት ስመጣ ግን ወለሉ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ይኸ ነገር ያስገርመኝ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከኔ ቀድሞ መጥረጊያ የሚያነሣ ተከራይ ሌላ አላየሁም።

አንድ ዓርብ ሥራዬን ለመጨረስ ስገባ አንድ ቀጭን ጠይም ሰው ወንበር እየደረደረ ያንጎራጉራል። ዜማው የሀገር ቤት ነው። የየት ሀገር ሰው ነህ ብለው፣ ቀና ብሎ ሳቅ አለና «የደብረ ታቦር ነኝ፣ እትየ» አለኝ። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁት። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ፓስተር ነኝ አለ፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ሳህን ያጥባል።

አያችሁ፣ እኔ ጠያቂ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ «የጠየቅሽው ሁሉ ሆድሽ ቢገባ ትፈነጂ ነበር» ትለኝ ነበር። ቄስ አውቃለሁ። የኛን የቤተ እስራኤሎቹን ቄሶች ነጭ ጥምጥማቸውን አሥረው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ በቅሏቸው ላይ ሆነው አውቃቸዋለሁ። የክርስቲያኖቹንም ቄስ ከነመስቀሉ ከነጭራው አውቀዋለሁ፤ መንደራችን የአንድ ወንዝ ውሃ ነው የሚጠጣው። ይህኛው ግን ጥምጥም የለው፣ መስቀል የለው፣ ጢም የለው፤ እጁ በሳሙና ተልጦ እንደኔ እጅ ሆኗል። ምኑ ነው ቄስ የሚያሰኘው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓርብን በጉጉት እጠብቅ ጀመር። እኔ እጠርጋለሁ፣ እሱ ወንበር ይደረድራል፤ አንድ አንድ ጥያቄ እጥልበታለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ለምን በቅዳሜ እንደሚሰበሰቡ ነው። እሑድ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ አሠሪዎቻቸው የሚለቋቸው በእናንተ ሰንበት ብቻ ነው አለኝ። ሳቄ መጣ። በሀገራችን ስንት ሊቅ ቅዳሜ ነው እሑድ ነው እየተባባለ ጉሮሮው እስኪነቃ ተከራክሯል፤ እዚህ ነገሩን የአሠሪ ፈቃድ ፈታው። እሱም አብሮኝ ሳቀ። ምእመኖቹ አርባ ያህል ናቸው፤ ሽማግሌ የሚጦሩ፣ ሳህን የሚያጥቡ፣ አትክልት የሚኮተኩቱ፣ አንዳንዱ ከኢትዮጵያ አንዳንዱ ከኤርትራ። ሁሉም ልጆች ናቸው። ትልቁ እሱ ራሱ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። እናት የለችበት አባት የለበት ማኅበር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ምንድን ነው ሥራህ?» አልሁት ሌላ ዓርብ። ስብከቱ በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ይህን ያህል የሚያከሳው ምንድን ነው ብዬ ነው። የያዘውን ወንበር አስቀምጦ አሰበና በጣቱ ወደ ወንበሮቹ እያመለከተ ነገረኝ። እዚያ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ፣ የምትጦራቸው አሮጊት ሌሊት ሌሊት ስለሚጣሩ እንቅልፍ አጥታለች፤ ረቡዕ ከሰዓት ሄዶ እሱ ከአሮጊቷ ጋር ይቀመጣል፣ እሷ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ከወዲህ የሚቀመጡት ወንድማማቾች ባንድ ክፍል እየኖሩ ከተነጋገሩ ወር አልፏቸዋል፤ ለታላቁ የሚነግረውን በታናሹ በኩል ይልካል፣ ሳይወዱ በግድ እንዲነጋገሩ። ሌላው ሐኪም ቤት መግባት ይፈራል፤ አብሮት ይሰለፋል። ዕብራይስጡ ከኔም የባሰ ስለሆነ የሰውየውን ሕመም በራሱ ሆድ ላይ እያሳየ ነው ሐኪሙን የሚያናግረው። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ተሳስቶ እሱን አልጋ ላይ አስተኝቶ ሊመረምረው እንደነበር ሲነግረኝ ባልዲዬን ደፋሁት።

ቤት ስገባ ይህን አወጣ አወርድ ነበር። የኛም ቄስ በሀገር ቤት እንዲሁ ነበሩ። የማን ላም እንደ ታመመች፣ የማን ልጅ ባሏን ጥላ እንደ መጣች ያውቁ ነበር፤ ደጃችን ላይ ቆመው የእናቴን ፊት አይተው ብቻ የሆነውን ይናገራሉ። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ቄሶቻችንም እንደኛ ተበታትነው፣ ለሠርግና ለሐዘን በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ይውሉ ነበር። ሰው ከቄሱ ጋር ሲገናኝ ስሙን መናገር ጀመረ። ፓስተሩን ሳይ የምቀናበት ነገር ያ ነው፤ አርባውን ሰው ማንም ስሙን ሳይነግረው ያውቃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መርዶው ነው። ሀገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰብ እዚህ ላለው ልጅ በቀጥታ አይደውልም፤ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ። ሰናይት የምትባል ልጅ በማኅበሩ ነበረች፣ መሐል ከተማ አንዲት አሮጊት የምትጦር። አሮጊቷ ቤት ስልክ ስላለ ሁሉም ያን ቁጥር ለየቤተሰባቸው ሰጥተዋል። መርዶው በዚያ ስልክ ይመጣል፤ ሰናይት ለፓስተሩ ትነግረዋለች፣ ፓስተሩ ያደርሳል። ሁለት ሰው አስከትሎ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ ይሄዳል። ለአሠሪው አስቀድሞ ነግሮ ፈቃድ ይቀበላል። ሲገባ ውሃ ይለምናል፤ ጠምቶት አይደለም፣ ሰውየው ከእንቅልፉ እንዲነቃና እጁ ሥራ እንዲይዝ ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራ ጥቂት ያወራል። ከዚያ «ታመው ነበር እኮ» ይላል፤ ቀጥሎ «ጸንቶባቸው ነበር» ይላል፤ በሦስተኛው ይነግራል። ቀኑን አብሮ ይውላል። በሦስተኛው ቀን፣ ሌላው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ብቻውን ተመልሶ ይመጣል። ለስንት ሰው እንደ ነገረ ስጠይቀው መቁጠር ትቻለሁ አለኝ።

የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁትም። ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ሲሞት እኔ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለሁ ወሬው በስልክ ደረሰኝ፤ የምታለቅስ ትንሽ ፊት ተሥሎበታል። የላከው ልጅ ክፋት አልነበረውም። በኔም የደረሰ የመጀመሪያው አልነበረም። በሱዳን በኩል ስንመጣ እህቴ እንይሽ ታማ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። እዚህ በገባን በጥቂት ወር ለአንድ ወረቀት ወደ አንድ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ መዝገቧን አገላብጣ በአስተርጓሚ፣ ይህችኛዋ ሞታለች አይደል? አለችኝ፤ እስክመልስላትም ሳትጠብቅ በስሟ ላይ መስመር ጎተተችበት። ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ በኛ ዘንድ ሞት በሽማግሌ ታጅቦ እንደሚገባ ማን ነግሯት። አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ስላልነበረ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። እስከ ዛሬ ያን ልቅሶ በወጉ ያለቀስሁት አይመስለኝም።

በዚያ ክረምት የፓስተሩ እናት ታመሙ። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል አሉ። ዓርብ በመጣ ቁጥር እናትህስ? እለዋለሁ፤ ወንድሙ ደውሎ እንዲህ አለኝ፣ እንዲያ አለኝ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበሩ ሁሉ ይጸልይላቸው ነበር። ስለ እናቱ ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እንዴት እንደሚቆጡት፣ በግ አስጠፍቶ ሲመጣ እንዴት ከአባቱ እንደሚደብቁት ይነግረኛል። ከዚያ ጥቂት ሳምንት፣ ስደውል ተኝታለች ይሉኛል፣ ጎረቤት ሄዳለች ይሉኛል ማለት ጀመረ። እግሯ ያበጠ ሴት ጎረቤት መሄዷ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ጠያቂዋ እኔ ያን ብቻ ሳልጠይቅ አለፍሁ።

አንድ ዓርብ ጧት ደረጃው ሥር ባልዲዬን ስሞላ ሰናይት መጣች። ሥራዋን ትታ ነው የመጣች። ቧንቧውን ዘግቼ ምን ሆንሽ ብላት መሬት ላይ ተቀመጠች። የፓስተሩ እናት ከሞቱ ሦስት ሳምንት አልፏል። ወንድሙ ለእሷ ደውሎ፣ ብቻውን እንዳይሰማ ለሽማግሌዎች ንገሪ፣ እነሱ ያርዱት አላት።

«የትኞቹ ሽማግሌዎች፣ እትየ?» አለችኝ። «ታላቃችን እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ከበሩ ደርሰን ተመለስን። ቅዳሜ ተነሥቶ ለእናቴ ጸልዩልኝ ይለናል፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን አሜን እንላለን። ለሞተች ሴት ጤና እየለመንን አሜን እንላለን።»

እሱ የሁሉን መርዶ ያደርሳል፤ የሱን የሚያደርስ አልተገኘም። ልጅቱ የመጣችው እኔ እንድነግርላት ነው። ሽበት ያለበት የምታውቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ፈራሁ። የኛ ሰፈር ሰው ከፓስተር ጋር መነጋገሬን ሰምቶ «ፈንታዬ ጴንጤ ልትሆን ነው» ማለት ጀምሯል፤ የልጆቼ አባት ታከለ ደግሞ ይህን ስም ሲሰማ ከመሶብ ይነሣል። ለልጅቱ አይሆንም አላልኋት፣ ይሆናልም አላልኋት። ወደ ሥራሽ ሂጂ አልኋት።

በቀትር ፓስተሩ መጣ። ዛሬ ወንበር ከመደርደሩ በፊት አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ከፈተ። ጥቁር ጫማ ነው፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ያበጠ እግር እንዲገባበት ከላይ የሚከፈትና የሚለጠፍ። ሄርጽል መንገድ ላይ ቅናሽ አድርገው ሲሸጡ አግኝቶ ነው። እሑድ ከሰዓት ወደ ኢትዮጵያ የሚበር ሰው ስላለ ሊልክላቸው ነው።

«እግርዎ የእናቴን ያህል ነው» አለኝ። «እስቲ ይሞክሩልኝ።»

ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥሁ። የራሴን ጫማ አውልቄ ያን አጠለቅሁት። ጎንበስ ብሎ እንደ ጫማ ሻጭ በአውራ ጣቱ ጫፉን ተጫነና ጣቴ የት ድረስ እንደደረሰ ፈለገ። አይጠብም? ሲያብጥስ? አለኝ። ይመቻቸዋል አልሁት። ከዚያ የተናገርሁትን አላስታውስም። ሰንበት ሊገባ ነው ብዬ ወለሉን ግማሽ ላይ ትቼ ወጣሁ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ወለል ሳልጨርስ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ታዲያ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ ወሰንሁ። ያ ጫማ ከመላኩ በፊት፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ልጁ በወጉ ይሰማል።

ታከለ ገላውን ታጥቦ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሰንበትን ይጠብቅ ነበር። ነገርሁት። ሳይቆጣ፣ ረጋ ብሎ «የጴንጤ ደጃፍ አልረግጥም» አለኝ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በልጅነቱ ወደ መንደራቸው የመጡ ሰባኪዎች ታናሽ ወንድሙን ይዘው ሄዱ፤ ሲመለስ ስሙ ተለውጦ ነበር። አባታቸው ጸጉራቸውን ተላጭተው በሕይወት ላለ ልጅ ልቅሶ ተቀመጡ። ታከለ ያን ልቅሶ በሰባት ዓመቱ ተቀምጧል። ይህ ልጅ ያን አላደረገም፣ እኔንም አንድ ቀን ሃይማኖትሽን ለውጪ አላለኝም አልሁት።

«ቤሰደር፣ እሺ» አልሁት። «እኔና ልጅቱ እንሄዳለን።»

«ሁለት ሴት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ላጤ ወንድ በር ላይ?» አለኝ። «ይኸ መርዶ ነው ወይስ ጠብ ፍለጋ?»

ሰንበት ገባ። በሰንበት ሐዘን አይወራም፤ እኔም አላነሣሁበት። ጧት ወደ ጸሎት ቤት ሄዶ መጣ፤ በላ፤ ተኛ። እኔ ያን ሰዓት ልቤ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጸሎታቸውን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ወንበሩን ብቻ ነው። አሁን ተነሥቶ ስለ እናቱ እየለመነ ይሆናል፣ አሁን አሜን እያሉት ይሆናል እያልሁ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስታዘነብል ታከለ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ጠየቀኝ።

«የሴትዮዋ ስም ማን ነው?»

«ዓለሚቱ» አልሁት።

«ዓለሚቱ» አለ ቀስ ብሎ። መርዶ የሚናገር ሰው የሟቹን ስም ማወቅ አለበት። ያን ጊዜ እንደሚሄድ አወቅሁ፤ ደስታዬን እንዳያይ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ታከለ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ፓስተሩም ከዚያች እሑድ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖሮ ወደ ሌላ ሀገር ሄደ፤ ሲሄድ የታከለን ጉልበት ስሞ ነው የሄደው። የት እንዳለ አላውቅም። ስፖርት ቤቱ ውስጥ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ መስተዋቱ ውስጥ ራሴን ሳይ፣ ሽበቴ ያኔ እንደ ሽማግሌ ካስቆጠረኝ ሽበት ሦስት እጥፍ ሆኗል። ያኔ እኮ ወጣት ነበርሁ፣ ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም። እነዚያ ልጆች ምን ያህል እናት ርቧቸው ነው እኔን እናት ያደረጉኝ?

ያን እሑድ ከጎህ በፊት ተነሣን። ታከለ የበዓል ልብሱን ለበሰ፤ ከላይ ነጭ ኩታውን ደረበ፤ በትሩን ያዘ። ፓስተሩ የሚኖረው ክፋር ማርሞሬክ ውስጥ፣ ከአንድ የየመን ቤተሰብ ቤት ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ነበር። ቅዳሜ ማታ በአሮጊቷ ስልክ ደውዬላት ስለነበር ሰናይት ከማኮሌቱ፣ ከሰፈሩ ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን፤ የዳቦ ሣጥኖቹ ገና አልተነሡም። ታከለ ስሟን ጠየቃት፣ የአባቷን ስም ጠየቃት፣ ከዚያ ቀደመን። ትንንሾቹን የአትክልት መደቦች እያለፍን ስንሄድ ብቻውን ሲያጉተመትም እሰማው ነበር፤ «ታመው ነበር... ጸንቶባቸው ነበር» እያለ ያጠናል። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ነበር፣ ልጁ ለሌሎቹ እንዴት እንደሚናገር። እንደ ለመደው ይሁንለት ብሎ ነው።

በጓሮው በር ገባን። የክፍሉ መብራት በርቷል። ታከለ በትሩን ከፍ አድርጎ በሩን ሁለት ጊዜ መታ።

ፓስተሩ ራሱ ከፈተ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ ፊቱ እርጥብ ነው። መጀመሪያ ያየው ሰናይትን ነው፤ ዓይኗ ከለቅሶ አብጧል። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ አይቶት የማያውቀውን ባለነጭ ኩታ ሽማግሌ አየ። ያወቀ መሰለኝ። እሱ ግን ድንጋጤውን ዋጥ አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግቡ፣ ግቡ አለን፤ ለሰው ሐዘን የሚዘጋጅ ሰው ድምፅ ነው። ወደ ውስጥ ዞሮ ሸሚዙን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ቶሎ ቶሎ ይቆልፍ ጀመር።

«ደርሼባችኋለሁ፣ አንድ አፍታ» አለ። «ወደ ማን ቤት ነው የምንሄደው፣ እትየ? ራቅ የሚል ከሆነ ለሥራ ቤት ልደውል።»

ሰናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ሁሉ ዓርብ ስጠይቀው የኖርሁት እኔ ወደ ታከለ ዞርሁ። ፓስተሩ የመጨረሻውን ቁልፍ እየፈለገ መልሴን ይጠብቃል።

ታከለ ደጃፉን ረገጠ። ገባ። በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና የልጁን ሁለት እጅ ከሸሚዙ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘ።

«የትም አንሄድም፣ ልጄ» አለው። «የመጣነው ወዳንተ ነው።»